ቮልሷን የሚያቃጥላት ቴፑ አይደለም፣ ሽቦው ነው

ኢኮኖሚክስ ስንማር «ዋጋው በየዓመቱ እየወረደ የሚሄድ ንብረት» ለሚባለው ነገር የተለመደው ምሳሌ መኪና ነበር። አዲስ መኪና ገዝታችሁ ከሱቁ በር ስትወጡ ዋጋው ቀንሷል፤ ዓመት በመጣ ቁጥር ደግሞ ይቀንሳል፤ በመጨረሻ የብረቱ ዋጋ ብቻ ይቀራል። ምሳሌው ጀርመን ወይም አሜሪካ ላይ ይሠራል። እኛ ጋ ግን ሰው መኪናውን አምስት ዓመት ነድቶ ከገዛበት በላይ ሲሸጠው ማንም አይገርመውም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አሳወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። አዲሱ ሲወደድ አሮጌው ይከበራል። በየግቢው ጥግ ዶሮ ሲያድርባቸው የኖሩ ቮልሶች፣ ሰይጨንቶዎች፣ ፔጆዎችና ላዳዎች አሁን አቧራቸው እየተራገፈ ነው።

ከሁሉም ቮልስ ትለያለች። በዓለም ላይ 21,529,464 ተመርታ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ፣ ፑኤብላ ካለው ፋብሪካ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ቁጥሯ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ያለችው ያለችው ናት።

ታዲያ ሰው ቮልስ ሲያሳድስ ገንዘቡን ላሜራ ላይ፣ ቀለም ላይና ሞተር ላይ ያፈሳል። ልክ ነው። ብቻ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ አንድ ነገር ይመጣል፦ «እግረ መንገድህን ይቺን ቴፕ ቀጥልልኝ»፣ «ይቺን መብራት ጨምርልኝ»። ያ ሁሉ ወጪ የሚጠፋው በዚያች አንዲት ቅጥያ ሽቦ ሊሆን ይችላል። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያች ሽቦ ነው፤ ከየት ትነሳለች፣ በየት ታልፋለች፣ ማን ይጠብቃታል።

ከጆሃንስበርግ የመጣው ዝርዝር

አጎቴ ሆመቾ ውስጥ እ.ኤ.አ. የ1968 ምርት የሆነች ቮልስ አላቸው። ለዓመታት ቆማ ኖራ አሁን እየታደሰች ነው። የዕድሳቱን ወጪ የሚሸፍነው ጆሃንስበርግ የሚሠራው ልጃቸው ነው። ሀዲያና ከምባታ አካባቢ ያደገ ሰው ይሄን ታሪክ ያውቀዋል፤ ብዙ ቤት አንድ ልጅ ደቡብ አፍሪካ አለው፣ ከብዙ ቤት ጀርባ ያለው ገንዘብም የመጣው በዚያ መንገድ ነው። ልጁ እዚያ ሱቅ ውስጥ ቆሞ የሚያገኘውን፣ በምን ዓይነት ስጋት እንደሚያገኘው ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ይቺ ቮልስ ጌጥ ብቻ አይደለችም፤ የሰው ላብ ናት።

ለያሆዴ በዓል ሊመጣ አስቧል። ከመምጣቱ በፊት ግን በቴሌግራም ዝርዝር ላከ። ሁለት የጭጋግ መብራት፣ ስክሪን ያለው ቴፕ፣ አምፕሊፋየርና ባስ፣ ባለ ሁለት ቀዳዳ የስልክ ቻርጀር፣ ጂፒኤስ መከታተያ፣ ከመኪናዋ ሆድ ስር ደግሞ ሰማያዊ ኤልኢዲ።

አጎቴ ዝርዝሩን ካነበብኩላቸው በኋላ ትንሽ ዝም አሉና «ይሄ መኪና ነው ወይስ የሠርግ ድንኳን?» አሉ።

የልጁ መልስ በድምፅ መጣ፦ «አባባ፣ ማታ ከሆሳዕና ሲመጡ ጭጋጉን ያውቁት የለ? ሙዚቃውን ይተዉት፤ መብራቱን ግን እንዳይከለክሉኝ።»

ሁለቱም እውነት አላቸው። የማስታረቁ ሥራ ለእኔ ወደቀ። መሐንዲስ አይደለሁም፤ ግን ገቢና ወጪ ማስላት ተምሬያለሁ። የመኪና ኤሌክትሪክም ገብቶ ሲታይ ከበጀት ብዙ አይርቅም።

ከዳሽቦርዱ ጀርባ የተገኘው

መጀመሪያ ያደረግነው ምንም ሳንነቅል ስልክ አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ነው። እያንዳንዱ ሽቦ የት እንደገባ፣ እያንዳንዱ ፊውዝ የቱ ጋ እንዳለ። ይሄን ምክር እንደ ቀልድ እንዳታልፉት፤ ሽቦ ከተነቀለ በኋላ «የቱ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ቀን ሙሉ ይበላል። ፎቶ ግን ነፃ ነው።

ከዳሽቦርዱ ጀርባ የመኪናዋ ታሪክ ተደራርቦ ተቀምጧል። ከብዙ ዓመት በፊት የነበረ ሬዲዮ ቅሪት፣ የማንም ያልሆነ ቢጫ ሽቦ፣ ናስትሮ ላይ ናስትሮ፣ በሙቀት የቀለጠ ሙጫ። ከፊውዞቹ አንዱ ላይ ደግሞ የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሎበታል። የሆነ ጊዜ የሆነ ሰው ፊውዙ ሲቃጠልበት መፍትሔ ብሎ ያደረገው ነው።

ከዚህ ሁሉ ስር ግን የፋብሪካው ሽቦ ሥርዓት አለው። የጀርመን መኪኖች ቋንቋ አንዴ ከገባችሁ ቀላል ነው። ቀይ ሽቦ ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ፣ ቁልፍ ቢጠፋም ኃይል ያለበት ነው። ጥቁር ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል የሚያገኝ ነው። ቡናማ ኔጋቲቭ ነው፣ ወደ መኪናው አካል የሚሄድ። ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ላይ የተቀረጹት ቁጥሮችም የሎተሪ ቁጥር አይደሉም። 30 የባትሪ ቀጥታ መስመር፣ 15 በቁልፍ የሚበራ መስመር፣ 31 ኔጋቲቭ፣ 50 ወደ ሞተሪኖ፣ 58 የኋላና የፓርኪንግ መብራት ማለት ነው። በኋላ የወጡ ብዙ የአውሮፓ መኪኖችም ይሄንኑ ቁጥር ይጠቀማሉ።

ብቻ ቀለምን እንደ ቅዱስ ቃል አትመኑ። ከ50 ዓመት በላይ በሰው እጅ የኖረች መኪና ላይ ያለፈው ሁሉ ያገኘውን ሽቦ ቀጥሏል። የመጨረሻው ዳኛ ቴስተር ነው።

የዲናሞ ደመወዝ

አሁን ወደ በጀቱ። መኪና ላይ ገቢ የሚያመጣው ዲናሞ ነው። ባትሪ ቁጠባ ነው። መብራቱ፣ ቴፑ፣ ቻርጀሩ ወጪ ናቸው። ወጪ ከገቢ ሲበልጥ ከቁጠባ ይበላል፤ ቁጠባ ሲያልቅ መኪናዋን ጎረቤት ይገፋታል።

የዚህች ቮልስ ዲናሞ ሙሉ ጉልበቱን ሲሰጥ 30 አምፔር ነው። ከዚህ ውስጥ መኪናዋ ራሷ ምን ትበላለች? ሁለቱ የፊት መብራቶች እያንዳንዳቸው 45 ዋት፣ ባንድ ላይ 90። የኋላ መብራት፣ የታርጋ መብራትና ዳሽቦርድ ወደ 40። ኮይሉ ወደ 40። ዝናብ ካለ መጥረጊያው ወደ 40። ድምሩ 210 ዋት ገደማ ነው። ለ12 ቮልት ሲካፈል 17 ተኩል አምፔር። ለአዲስ ዕቃ የሚተርፈው 12 አምፔር ተኩል ብቻ ነው።

የልጁን ዝርዝር ደግሞ እንደምር። ሁለት ባለ 55 ዋት የጭጋግ መብራት 110 ዋት ነው፣ ማለትም 9.2 አምፔር። አምፕሊፋየሩ ጀርባው ላይ 25 አምፔር ፊውዝ አለው፤ ድምፁ ከተከፈተ ወደዚያ ሊጠጋ ይችላል። ቻርጀሩ 2፣ ሰማያዊው መብራት 1። ቴፑን ሳንቆጥር 37 አለፈ። የተረፈን 12 ተኩል፣ የተጠየቅነው 37። በአገር ደረጃ ቢሆን የዓለም የገንዘብ ድርጅት ይመጣ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። የድሮ ዲናሞ በዝግታ ሲዞር ምንም ያህል አያመነጭም። መኪናዋ ቆማ ሞተሩ በቀስታ ሲሠራ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ደብዘዝ ብላ የምትታየው ለዚህ ነው። ያን ጊዜ ገቢ የለም፤ ሁሉም ነገር የሚበላው ከባትሪ ነው። በር ከፍቶ ሙዚቃ ለቆ መቆም የቮልስ ሥራ አይደለም።

ጂፒኤሷም ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቋት። 0.05 አምፔር ብቻ የምትስብ ዕቃ በ24 ሰዓት 1.2 አምፔር ሰዓት ትበላለች። 45 አምፔር ሰዓት ባትሪ ያላት መኪና ሳትነዳ ሦስት ሳምንት ከቆመች ከግማሽ በላዩ በዚህች ብቻ ይሄዳል። የምትቆም መኪና ላይ ትንሽ የማያቋርጥ ወጪ ከትልቅ የአንድ ጊዜ ወጪ ይብሳል።

የሽቦ ውፍረት የስታይል ጉዳይ አይደለም

መጀመሪያ ያነጋገርነው ባለሙያ ሐሳቡ አጭር ነበር፤ ከቁልፉ ጀርባ ካለው ጥቁር ሽቦ ላይ ልጥ አድርጎ፣ ቀጭን ሽቦ ጠምዝዞ፣ በናስትሮ ጠቅልሎ ሁሉንም ከዚያ መስጠት። በአንድ ሰዓት ያልቃል። ይሠራልም። ችግሩ «ይሠራል» እና «ይበቃል» አንድ አለመሆናቸው ነው።

እንቁጠረው። ከቮልስ ባትሪ እስከ ፊት መብራት ጥምዝምዙን ጨምሮ 4 ሜትር ያህል ሽቦ ይፈልጋል። የ110 ዋቱን መብራት በ0.75 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ብትሰጡት፣ ሽቦው ብቻውን 0.8 ቮልት ያህል ይበላል። 7 በመቶ ማለት ነው። የክር አምፖል ደግሞ ቮልት ሲቀንስበት ብርሃኑ ከዚያ በላይ ነው የሚቀንሰው፤ 7 በመቶ የቮልት መቀነስ ከብርሃኑ አንድ አምስተኛ ገደማ ይወስዳል። መብራት ገዝታችሁ ብርሃኑን ለሽቦ ከፈላችሁ ማለት ነው። የጠፋው ኃይል የት ሄደ? ሽቦው ውስጥ ሙቀት ሆነ። ያ ሙቀት ምንጣፍ ስር ነው፣ ከናስትሮ ጋር።

ያንኑ በ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ብታደርጉት የሚበላው 0.25 ቮልት ብቻ ነው። በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ከአንድ አምፖል አይበልጥም ብል ማጋነን አይሆንም።

እኛ አገር ቃጫ ከእንሰት እንዴት እንደሚወጣ ያየ ሰው ይሄ ይገባዋል። በሬ የምታስሩበትን ገመድ በአንድ ክር አትሠሩትም። ክሩ የሚበጠሰው ስለከፋ አይደለም፤ የተጫነበት ስለበዛ ነው።

ፊውዝ ማንን ነው የሚጠብቀው?

ይሄን ጥያቄ ብዙ ሰው ጠይቄ ነበር። መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ «ቴፑን ነዋ!» አይደለም። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ቴፑ ቢቃጠል ቴፕ ትገዛላችሁ። ሽቦው ከተቃጠለ ግን ጎን ለጎን ያሉትን ሁሉ ይዞ ነው የሚሄድ።

ባትሪ ትንሽ ይመስላል። ፖዘቲቩ ሽቦ አንድ ቦታ ተልጦ የመኪናውን ብረት ከነካ ግን በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር በአንድ ጊዜ ይለቃል። ሞተሪኖ የሚያዞር ጉልበት በቀጭን ሽቦ ውስጥ ሲያልፍ ሽቦው እንደ ምጣድ ይግላል። ይሄን የሚያቆመው ፊውዝ ብቻ ነው፤ ያውም ለባትሪው ቅርብ ከሆነ። ፊውዙን ቴፑ ጋ ካደረጋችሁት ከባትሪ እስከ ቴፕ ያለው ሽቦ በሙሉ ጠባቂ የለውም። ስለዚህ ሕጉ ሁለት መስመር ነው፦ ፊውዝ ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ ይቀመጣል፤ መጠኑም የሚመረጠው በሽቦው አቅም ነው። ለቀጭን ሽቦ 30 አምፔር ፊውዝ መስጠት በጨርቅ በር ላይ ከባድ ቁልፍ መስቀል ነው።

የድሮዎቹ የቮልስ ፊውዞች መጠናቸው በቀለም ይታወቃል፤ ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 አምፔር። ሲቃጠል የሚተካው በዚያው ቀለም ነው። ብርማ ወረቀት ስንት አምፔር እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም።

የማይታለፍባቸው መንገዶች

ቮልስ ላይ ይሄ ጉዳይ ለምን እንደሚከብድ የመኪናዋን ካርታ ስታዩ ይገባችኋል። ሞተሩ ኋላ ነው። ባትሪው የኋላ መቀመጫ ስር፣ በቀኝ በኩል። የቤንዚን ታንከሩ ደግሞ ፊት፣ ኮፈኑ ስር፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ካሉት ሽቦዎች በቅርብ ርቀት። ኃይሉ ከኋላ ተነስቶ ቤንዚኑ ወዳለበት ይሄዳል ማለት ነው።

ስለዚህ ሽቦ ከመዘርጋታችን በፊት በየት እንደማያልፍ ወሰንን።

አንደኛ፣ በመሀል ያለው የወለሉ ጉብታ ውስጥ አያልፍም። ባዶ ይመስላል፤ ግን የፍሪሲዮን ገመድ፣ የነዳጅ መስጫ ገመድና የካምቢዮ ዘንግ የሚንቀሳቀሱት እዚያ ውስጥ ነው። ከሁሉም በላይ የቤንዚን ቧንቧውም የሚያልፈው በዚያ ነው። የሚላጥ ሽቦና ቤንዚን አንድ ጉድጓድ ውስጥ አይገናኙም።

ሁለተኛ፣ በበሩ ደፍ ውስጥ አያልፍም። የቮልስ ደፍ ከሞተሩ የሚመጣው ሙቅ አየር የሚያልፍበት ቱቦ ነው። ሽቦ ለማሳለፍ የተመቸ ቀዳዳ ይመስላል፤ ምድጃ ውስጥ ሽቦ እንደማስገባት ነው።

ሦስተኛ፣ በፔዳሎቹ፣ በመሪው ዘንግና በመጥረጊያው ክንድ አጠገብ አያልፍም። የሚንቀሳቀስ ነገር ሽቦን በአንድ ቀን አይቆርጥም፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው የሚልጠው።

የቀረው መንገድ ይሄ ነው፦ ከባትሪው ተነስቶ፣ በፊውዝ አልፎ፣ ከጉብታው ውጪ በቀኝ ጎኑ፣ ወለሉና ጉብታው በሚገናኙበት ጥግ ላይ ምንጣፍ ስር ወደፊት። ፔዳሎቹ በግራ ስለሆኑ የቀኙ ጎን ሰላም ነው። ሽቦው ባዶውን አይሄድም፤ የተሸበሸበ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይገባል፣ በየስንዝር ተኩሉም ይታሰራል። ላሜራ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይደረግለታል፤ የላሜራ ጠርዝ ቢላ ነውና። ወደ ፊት መብራቶቹ የሚሄደው ደግሞ የፋብሪካው የመብራት ሽቦ በሚሄድበት በዚያው ጎን፣ ከታንከሩ ርቆ ይሄዳል። ፋብሪካው ያን መንገድ የመረጠው ያለምክንያት አይደለም።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ሽቦ የሚዘረጋው ቀለም ካለቀ በኋላ፣ ምንጣፍና መቀመጫ ከመግባቱ በፊት ነው። ከሆሳዕና የመጣው ኤሌክትሪሺያን አንድ ብልሃት አሳየን፤ ቱቦው ውስጥ ከሽቦው ጋር አንድ ባዶ ሲባጎ አብሮ አስገባ። «እህቴ፣ ነገ ሌላ ነገር ሲያምራችሁ ምንጣፍ አታነሱም፣ ሲባጎዋን ትስባላችሁ» አለኝ። ሰውየው ሰውን ያውቃል።

መቀመጫውን ስትመልሱም የባትሪውን ክዳን አትርሱ። የቮልስ የኋላ መቀመጫ ስፕሪንግ ሰው ሲቀመጥበት ወደታች ይወርዳል። ክዳን ከሌለ የባትሪውን ፖዘቲቭ ይነካል፤ ከስፕሪንጉ በላይ ያለው የመቀመጫ ሙሌት ደግሞ የሚነድ ነገር ነው። ብዙ ቮልስ በዓለም ላይ በዚህች ምክንያት ተቃጥላለች።

አንድ በር፣ ብዙ ክፍል

ከዚያ የመጣው ዋናው ሐሳብ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ ከአሮጌው ሽቦ ላይ ከመላጥ፣ ለአዲሶቹ ዕቃዎች የራሳቸው ትንሽ ፊውዝ ሳጥን መስጠት። አንድ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ከባትሪው በ25 አምፔር ፊውዝ ተነስቶ ዳሽቦርዱ ስር፣ ከመኪናዋ ውስጥ በኩል፣ ወደተቀመጠው ሳጥን ይሄዳል። ከሳጥኑ ለቴፕ 10 አምፔር፣ ለመብራት 5፣ ለቻርጀር 5፣ አንድ ክፍት ቦታ ለነገ።

ሳጥኑን የሚከፍትና የሚዘጋው ሪሌይ ነው። ሪሌይ ማለት በትንሽ ኃይል የሚታዘዝ ዘበኛ ማለት ነው። 86 ቁጥሩ ላይ ከቁልፉ ትንሽ ኃይል ይመጣለታል፣ 85 ኔጋቲቭ ነው፣ 30 ላይ የባትሪው ወፍራም ሽቦ ይገባል፣ 87 ላይ ወደ ሳጥኑ ይወጣል። በአሮጌው ቁልፍ ውስጥ የሚያልፈው ከሩብ አምፔር በታች ስለሆነ ቁልፉ አይግልም። ቁልፍ ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል፤ ቴፕ ሲዘፍን አድሮ ባትሪ አይሞትም። ጂፒኤሷ ብቻ ከሪሌዩ በፊት በራሷ ትንሽ ፊውዝ ትነሳለች፤ ሌባ ቁልፍ አያዞርምና።

መቀጠያዎቹም በእጅ ተጠምዝዘው በናስትሮ አይጠቀለሉም። በመቀጠያ ብረት ተጨፍልቀው በሙቀት የሚሸበሸብ ላስቲክ ይለብሳሉ። ናስትሮ ጊዜያዊ እንግዳ ነው፤ ሙቀት ሲመጣ ሙጫውን ጥሎ ይሄዳል።

ስለ ኔጋቲቭም አንድ ነገር። የድሮ መኪና ላይ ከሚያስቸግሩ ነገሮች ብዙዎቹ ከዚህ ይመጣሉ። ፍሬቻ ስታበሩ ሌላ መብራት አብሮ ብልጭ ካለ፣ ክላክስ ሲነፋ ቴፑ ካንቀላፋ፣ መጀመሪያ የሚታየው የኔጋቲቭ ማሰሪያው ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ መኪና ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ብሎኑ የሚታሰርበት ቦታ እስከ ብረቱ ተፍቆ፣ ታስሮ፣ ከላዩ ግሪስ ይቀባል።

በጀቱ እንዴት ተዘጋ?

ሒሳቡን ወረቀት ላይ ጽፌ ለሁለቱም ላክሁ። የጭጋግ መብራቱ ይገባል፤ ግን ባለ 18 ዋት ኤልኢዲ ይሆናል። ሁለቱ 36 ዋት፣ 3 አምፔር ብቻ። ዝቅ ብሎ ይታሰራል፣ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን እንዳያጠፋ። ቴፑ ይገባል፤ በራሱ ውስጥ ባለው አምፕሊፋየር ሁለት ስፒከር ያጫውታል፣ በመደበኛ ድምፅ 5 አምፔር ያህል። ቻርጀሩ 2። ድምሩ 10። የተረፈን 12 ተኩል ስለነበር ሁለት ተኩል እንኳን ቆጠብን። ትልቁ አምፕሊፋየርና ሰማያዊው መብራት ቀሩ።

ልጁ መጀመሪያ ተከፋ። «ሙዚቃ የሌላት መኪና ምን ትባላለች?» አለ። አጎቴ ስልኩን ከእጄ ወሰዱና «በሕይወት ያለች ትባላለች» አሉት። ከዚያ የተዘጋው ስለ ባስ ያለው ክርክር ብቻ ነው፤ የስፒከሩ ቀለም ገና አልተስማሙበትም።

እሱን ያሳመነው ግን ሙዚቃው አልነበረም፤ መድን ነው። አገራችን ላይ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ነው። የራሳችሁ መኪና በራሳችሁ ሽቦ ቢነድ አንድ ብር አይከፍልም። ያ ሁሉ ዓመት የሠራበት ገንዘብ በቀጭን ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር ሲገባው፣ ወፍራሙን ሽቦ ራሱ «ምርጡን ግዙ» አለ።

ቮልስ የለኝም ለምትሉ

አሮጌዎቹ፣ ባለ 6 ቮልት ቮልሶች ያላችሁ ጠንቀቅ በሉ። ያው 110 ዋት እዚያ ላይ 18 አምፔር ይሆናል፤ ሽቦው እጥፍ ይጨነቃል። ከሱቅ የምትገዙት ቻርጀርና ቴፕም ለ12 ቮልት የተሠራ ነው። ወደ 12 መቀየር ይቻላል፤ ግን አምፖሎቹን፣ ኮይሉን፣ ዲናሞውንና መቆጣጠሪያውን፣ የመጥረጊያውን ሞተር አብሮ ማሰብ ነው። በጀቱን ከመጀመሪያው ያዙ።

ባጃጅ የምትነዱ ደግሞ ይሄ ጽሑፍ ለእናንተም ነው። ሆሳዕናም ሆነ ሆመቾ ማታ ላይ ባጃጅ እንደ ገና ዛፍ ሲያበራ አያለሁ፤ ደስ ይላል። ግን የባጃጅ ባትሪ ከቮልስም ያንሳል፤ ሕጉም ያው ነው። ለእያንዳንዱ መብራት ፊውዝ፣ ለእያንዳንዱ ሽቦ መንገድ። ብዙዎቻችሁ ያቺን ባጃጅ የገዛችሁት በብድር ወይም በወንድም ገንዘብ ነው።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። የፊውዝ ሳጥኑን ክፈቱና በስልካችሁ መብራት እዩት። ብርማ ወረቀት ወይም ሽቦ የተጠመጠመበት ፊውዝ ካለ ነገ ጠዋት ቀይሩት። ከዚያ ከባትሪው የሚነሱትን ተጨማሪ ሽቦዎች ቁጠሩ፤ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ የሌለው ካለ፣ እስኪሠራለት ድረስ ንቀሉት። ሙዚቃ አንድ ቀን ቢቀር ማንም አይሞትም።

የእኛን ሽቦዎች ካርታ ባለ ካሬ ደብተር ላይ ሥዬ፣ ፕላስቲክ አልብሼ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አስቀምጫለሁ። የትኛው ሽቦ በየት እንደሚያልፍ፣ የትኛው ፊውዝ የማን እንደሆነ፣ ሲባጎዋ የት እንዳለች። በዚህ አገር መኪና ከባለቤቱ በላይ ይኖራል። ከ20 ዓመት በኋላ ያን ምንጣፍ የሚያነሳው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን እኛ ያጣነውን ወረቀት እሱ ያገኛል።